ለነጩ ግድግዳ የሰነጠቅኩት ቀርከሃ

በዚያ ክረምት ባሌ ክብሪት እየሰረቀ አስመረረኝ። ያጨስበታል እንዳልል አያጨስም። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው፤ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሲያመጣ በካርድ ተሰልፈን፣ ተጋፍተን ነው የምንወስደው። እኔ ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜ ያመጣሁትን እሱ ኪሱ ከቶት ይወጣል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ገል ይዤ ጎረቤቴ ደጅ "እሳት ልጫር" ስል እገኛለሁ። እንጅባራ ላይ፣ በሐምሌ ብርድ፣ እሳት ያላደረባት ሴት ምን ትባላለች? ጎረቤቴም አፏ አያርፍላትም፣ "ዛሬም ጠፋብሽ?" እያለች እሳቱን በቁንጥር ትሰጠኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ኮቱን ቀማሁትና ኪሱን ገለበጥኩት። የክብሪት እንጨት ሲሚንቶ ለብሶ፣ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ መሬት ላይ ተበተነ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?" አልኩት።

"ለሥራ ነው።"

"ክብሪት ምን ሥራ ይሠራል? ጤና ጣቢያውን ልታቃጥለው ነው?"

ሳቀ። እሱ ሲስቅ የኔ ንዴት ይብሳል።

ባሌ ግንበኛ ነበር። ባሕር ዳር ሲሠራ ቆይቶ ሴራሚክ መለጠፍ ተምሮ መጣ። በኛ በኩል ይህን የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ለጤና ጣቢያው አዲስ የማዋለጃ ክፍል ሲሠራ ግድግዳውን ለሱ ሰጡት። ነጭ ሴራሚክ በጭድ ተሸፍኖ በካሚዮን ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከተማው ሁሉ ሊያየው ወጣ። ታዲያ ሴራሚክ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ አይለጠፍም፤ በመካከሉ ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ ግድግዳው ይንሻፈፋል። እኩል እንዲሆንም በየመካከሉ ትንሽ ነገር ይሰካል፤ ሲሚንቶው ሲይዝ ይነቀላል። ባሕር ዳር ለዚህ የሚሆን ከውጭ አገር የመጣ የፕላስቲክ መስቀል ነበራቸው። እንጅባራ ላይ እሱን ከየት ያምጣ? የኔን ክብሪት አየዋ!

"ታዲያ ሆነልህ?" አልኩት።

"አልሆነም። ውሃ ሲነካው ያብጣል። ደግሞ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው። ዛሬ መሐንዲሱ መጥቶ ሁለት ረድፍ አስነቀለኝ።"

"አይ አንተ! የቀርከሃ ሠራተኛ ልጅ አግብተህ በክብሪት እንጨት ትቸገራለህ?"

አባቴ ጥርባ በምትባለው ገጠር በቀርከሃ ሥራ የታወቀ ሰው ነበር። ቅርጫት፣ አልጋ፣ የቤት ግድግዳ፣ የማይሠራው አልነበረም። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ያስተማረው እኔን ነው፤ በአገውኛ እየተቆጣ፣ በአገውኛ እየመረቀ። የአንድ ዓመት ቀርከሃ ለጋ ነው፣ ሲቆረጥ ያምራል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይሟሽሻል፤ የሦስት ዓመቱን ግን ቆርጠሽ ከምድጃ በላይ ጭስ ስታስጠጪው እንደ አጥንት ይሆናል ይለኝ ነበር። ውፍረቱን በዓይንሽ አትለኪ፣ ዓይን ይዋሻል፣ በጣትሽ ጫፍ ለኪ ይለኛል። እኔም ሰንጥቄ፣ ቅርፊቱን ፍቄ፣ በጣቴ ጫፍ እያሄድኩ፣ ቁመቱ የክብሪት እንጨት የሚያህል፣ ውፍረቱ ከሱ ሳሳ የሚል ስንጥር አንድ ጥቅል ሠራሁለት።

በማግሥቱ ገና በር ሳይገባ ስሜን እየጠራ መጣ። መሐንዲሱ በውሃ ልክ ለክቶ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ እንከን አጥቶ ሄደ አለኝ። "አንድም አልተዛነፈም! ምን ዓይነት እጅ ነው ያለሽ?" ብሎ ሁለቱን እጆቼን ያዘኝ። እኔ ደግሞ ኩራቴ አያድርስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጤና ጣቢያው በኩል ባለፍኩ ቁጥር የኔ ግድግዳ እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው ባይሰማኝም እኔ ለራሴ እላለሁ።

ያቺ ሴት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

የዳንግላ ልጅ ናት። ከባሏ ተፋትታ እንጅባራ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በቀን ሥራ አሸዋና ውሃ ትሸከም ነበር። ቆንጆ ነበረች አልልም፤ ዛሬም አልልም። ቁመት ነበራት፣ እሱን አልክድም። ባሌ በአንድ እጁ ሴራሚኩን ደግፎ በሌላው በግንበኛ ማንኪያው እጀታ መታ መታ ሲያደርግ ስንጥሩን የሚሰካበት ሦስተኛ እጅ ያስፈልገው ነበር። የወንዶቹ ጣት ወፍራም ሆኖ ሴራሚኩን ይገፋበታል። እሷን ሞከራት። ሆነችለት።

ከዚያማ ቤታችን የሷ ወሬ ብቻ ሆነ። ራት ላይ፣ "ዛሬ አንዲት ስንጥር አልጣለችም።" ቁርስ ላይ፣ "ሳልነግራት ነው የምታውቀው፤ እጇ ልዩ ነው።" እኔ ወጥ እየጨመርኩለት፣ "ስንጥሩን የሰነጠቀው ማን ሆነና?" እላለሁ። "እሱማ አንቺ ነሽ" ይልና ይጎርሳል። በቃ! እሱማ አንቺ ነሽ። እጄን ይዞ የተደነቀው ሰውዬ ሳምንት ሳይሞላው ሌላ እጅ አገኘ።

አላስችል ሲለኝ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ቋጥሬ፣ ምሳ አመጣሁለት ብዬ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። እሱ ሴራሚኩን ያሳርፋል፣ መታ ያደርጋል፤ እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረችው የኔ ስንጥር ሁለት ከታች፣ አንድ ከጎን ትሰካለች። እሱ ሌላ ያነሳል። ስቀው፣ ተላፍተው፣ ተጠቃቅሰው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ገብቼ ጸጉሯን እይዛት ነበር። እነሱ ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። መነጋገር አላስፈለጋቸውም። እኔና እሱ ጨው አቀብለኝ ለመባባል እንኳ ሦስቴ ነው የምንጯጯኸው።

እርር ድብን አልኩ። ድንቹን አሸዋው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጭቃው የላስቲክ ጫማዬን ሲያወልቀው እንኳ ሳላውቅ፣ አንዱ እግሬ ባዶውን ሆኖ ብዙ ሄድኩ።

ደግሞ ጎረቤቴ አለችልኝ። እሳት የምትሰጠኝ ማለቴ ነው። "ዳንግላ ሊሄዱ ነው አሉ፣ ሰማሽ?" አለችኝ። ሊሄዱ! ማታ ሲመጣ እግሩን ሳይታጠብ ያዝኩት።

"ዳንግላ ትሄዳለህ ወይ?"

"ግድግዳው ከተወደደ ነው" አለ። "ለአብዮት በዓል ሊመረቅ ነው፤ ከዚያ በፊት ከላይ መጥተው ያዩታል። ካማረ የዳንግላውንም ለኔ ይሰጡኛል። ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል።"

"ማንን ይዘህ?"

"እሷን ነዋ። አገሯም ነው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ስንጥሩን እየሠራሽ ትልኪልናለሽ።"

ትልኪልናለሽ! እሱና እሷ ዳንግላ፣ እኔ እንጅባራ ላኪ! "እኔን ውሰደኝ፤ እኔው ራሴ ልሰካልህ" አልኩት። እንደ ሕፃን አየኝ።

"ሥራው እጅ ይፈልጋል" አለኝ።

ይህን ለኔ! አባቴ ከመቃብሩ ሰምቶት ቢሆን ይነሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያወራውን አልሰማሁትም። ይሄ ሰውዬ ከሷ ጋር ከሄደ አይመለስም፤ ቢመለስም ለኔ አይመለስም፤ ይህ በዓይኔ እንደማየው ያህል ታየኝ። ምንም ልጅ አልወለድንም ገና፣ ምን ይዤ ላስቀረው? ያለኝ ስንጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ በስንጥሩ መጣሁባት።

ከቤታችን ጀርባ ለጋ ቀርከሃ ነበር፣ የአንድ ዓመት። ቆረጥኩት። ሰንጥቄ፣ ፍቄ፣ ከደህናው ጋር ትክክል እስኪሆን በጣቴ ጫፍ ለካሁት። ዓይን አይለየውም፣ ባሌ በማስመሪያ ቢለካው አያገኘውም። ግድግዳ ላይ ሲገባ ግን፣ ከላይ ሁለት ሦስት ረድፍ ሲጫነው ይሟሽሻል፤ አንዱ ሴራሚክ ይወርዳል፣ አንዱ ይቀራል፣ ነጩ ግድግዳ ይንጋደዳል። ማን ይጠየቃል? የሰካችው። ያቺ ልዩ እጅ! ከደህናው ጋር ደባልቄ በክር አሰርኩና ሰጠሁት። "አይ የኔ እመቤት፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ግንባሬ ላይ ምን እንደተሰማኝ አልናገርም፤ ግን ጥቅሉን መልሼ አልተቀበልኩትም።

አንድ ቀን ጠበቅኩ። ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ባሌ እየሳቀ ይወጣል፣ እየሳቀ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለራስ ምታት ክኒን ልጠይቅ የመጣሁ መስዬ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። የማዋለጃው ክፍል በር ክፍት ነበር፤ እነሱ ምሳ ወጥተዋል። ገባሁ። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደርሷል። ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይኔ መስመሩን ተከተልኩት። ቀጥ ያለ ነው። በጣቴ ጫፍ ክፍተቱን ዳሰስኩት። እኩል ነው። ከታች እስከ ላይ አንድም የወረደ የለም። የኔ ስንጥር ነው እንዲህ ያቃናው እያልኩ ልኮራ ወይስ ለምን አልተጣመመም ብዬ ልናደድ? ሁለቱንም ሆንኩ። ተናድጄ ኮራሁ፣ ኮርቼ ተናደድኩ፤ ራሴንም የእውነት አመመኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። ዝናብ መትቷት፣ በነጠላዋ ጫፍ የሆነ ነገር ቋጥራ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ" አለችኝ። አንቱ ማለቷ ራሱ አቃጠለኝ፤ በስንት ዓመት ብበልጣት ነው? "ግቢ" አልኩ እንደ ነገሩ። በርጩማ አቀረብኩላት። ቋጠሮዋን ፈታችና ምድጃው ዳር አስቀመጠችው። ለጋው ስንጥር ነው። ሁሉም። አንድም ሳይቀር ለቅማ አውጥታዋለች።

"እነዚህ ለጋ ነበሩ" አለች። "ሳይታወቅዎት ከደህናው ተቀላቅሎብዎት ነው መሰለኝ። ቢጠቅምዎት ብዬ መለስኩት።"

"በምን ለየሽው?" አልኩ።

"በጥርሴ። ጥርስ ከገባበት ለጋ ነው። ሳልነክስ አልሰካም።"

እስኪ አሁን፣ የተሰጠኝን መውጫ ይዤ፣ "ውይ፣ እውነትሽን ነው፣ ዓይኔ ደክሞ" ብል ምን ነበረበት? በሩን ከፍታልኝ ነበር። ግን ያ ደግነቷ አልዋጥልሽ አለኝ። ባሌን፣ ሥራዬን፣ አሁን ደግሞ ይቅርታውንም ይዛ ልትሄድ!

"አልተቀላቀለብኝም!" ብዬ ጮህኩ። "ሆን ብዬ ነው! አውቄ ነው የሠራሁት! የጥርባው ቀርከሃ ሠሪ ልጅ ለጋና ደረቅ የሚምታታባት መሰለሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም።

"አውቄ ነበር" አለች። "እንዲህ አድርጎ የሠራ ሰው አይሳሳትም።"

"ታዲያ ለምን ሸፈንሽልኝ?"

"ለርስዎ ብዬ አይደለም። ግድግዳው ቢጣመም ባልዎት ሳይሆን እኔ ነኝ የምባረረው። ባልዎት ምን ያደርግልኛል? አንዱን አይቼ ተውኩት። እኔ የምፈልገው ይሄን ሥራ ነው። ስድስት ወር አሸዋ ተሸክሜ አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር፤ አሁን ሰው ሥራዬን ያያል።" ነጠላዋን አራገፈች። "አልነገርኩትም። አልነግረውምም።" ብላ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ በዝናቡ ወጣች።

ባልሽን አልፈልገውም ስትባል ሴት እሰይ ማለት አለባት አይደል? እኔ ግን ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የቀናሁት በባሌ መስሎኝ ነበር። ሰው ሥራዬን ያያል ስትል ነው የገባኝ። እኔም እኮ የምፈልገው ይህንኑ ነበር! ግድግዳው ላይ ቆሜ፣ የሠራሁትን በእጄ ሰክቼ፣ መሐንዲሱ ሲባጎ ወጥሮ ሲያይልኝ። ስንጥር ግን ሲሚንቶው ሲይዝ ተነቅሎ ይጣላል፤ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። ይህን ሳውቅ ቅናቴ ይበርዳል ብዬ ነበር። አልበረደም። ባሰበት እንጂ።

ከላይ የመጡት ሰዎች ግድግዳውን አይተው ተደነቁ። ከጠረጴዛ ጀርባ የማይነሳ አንዱ ሹም እንኳ በመዳፉ ደባብሶት "የውጭ አገር ሥራ ይመስላል" አለ አሉ። ዳንግላ ለባሌ ተሰጠ። እሷንም ረዳት ብለው በወረቀት ጻፏት፤ ቋሚ ባትሆንም አሸዋ መሸከሟ አበቃ። ባሌ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ለሁለት ወር የሚበቃ ስንጥር ሥሪልኝ አለኝ።

ሠራሁ። እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት እግዜር ያውቃል። ጥርባ ወርጄ፣ አባቴ ሳይሞት ቆርጦ ከምድጃ በላይ ሰቅሎት የቀረውን፣ ጭስ ያጠቆረውን ቀርከሃ ከወንድሙ ለምኜ አመጣሁ። ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ በጣቴ ጫፍ ለካሁት። የኔ እጅ ምን እንደሆነ ዳንግላ ድረስ ይታይ አልኩ። እሷም ስትሰካው ትወቀው አልኩ። ከዚያም በላይ፣ ይህ ጥቅል ያንን ሥራዬን ያጥብልኛል፣ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ሆኜ ፊቱን አየዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ምን አስጨነቀኝ ደግሞ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለ!

የሚሄድበት ዕለት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ካሚዮኑ አስፋልቱ ላይ እየጠበቀው፣ ጥቅሉን አምጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ያደንቃል ብዬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ክሩን ፈታው። አንዱን ስንጥር አነሳ፣ ወደ ብርሃኑ አድርጎ አላየውም፣ በጣቱ አልዳሰሰውም። ወደ አፉ ወሰደው። ነከሰው። ወደ ቀኝ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ፣ ነከሰው።



"ነገረችህ?" አልኩት።

"ማን? እሷ?" ዓይኑን ከስንጥሩ አላነሳም። "አልነገረችኝም። ጠይቄያት ነበር፣ ነጋዴ አታሎ ሸጦልሽ ነው አለችኝ። ግን ስትለቅም አይቻታለሁ። አንቺ ደግሞ ቀርከሃ ገዝተሽ አታውቂም።"

"ይህን ሁሉ ቀን ዝም አልከኝ?"

"ምን ልበልሽ?"

ቢመታኝ እችለው ነበር። ቢጮህ እጮህበት ነበር፤ በጩኸት ማን ይችለኛል? የቀናሁብህን ባወቅህ፣ አንተም ያቺም እርሜ ሁኑ ብዬ አወርድበት ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ይነክሳል። ውጭ ካሚዮኑ ጥሩንባውን ነፋ፤ አልተጣደፈም። እያንዳንዱን እያነሳ፣ እየነከሰ፣ ወደ ቀኙ ያስቀምጣል። በግራው የተቀመጠ የለም፤ ሁሉም ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድም ሳይነክስ አላለፈም። የመጨረሻውን ነክሶ ሲጨርስ ጥቅሉን መልሶ በክሩ አሰረና ተነሳ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ፣ ለሰው ሚስት እንደሚባለው።